ለጥቂቶች ስለሚሠራ ክፍል

የአገር ገንዘብ አነስተኛ ሲሆንና ችግረኛው ሲበዛ፣ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚያገለግል ውድ ቤት መሥራት ተገቢ ነውን? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ሳያስብ ይመልሰዋል፤ «ብዙው ይቅደም» ይላል። መልሱ በአፍ ሲነገር ፍርድ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ሰው ግን ከፍርድ ይልቅ ቁጥርን ማክበር ሆኖ ይገኛል። አሳቤን በባዶው እንዳልናገር፣ ነገሩ በሥራ የተፈተነበትን አንድ ምሳሌ አቀርባለሁ። አገሩ አየርላንድ ነው፤ በሽታውም ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በሽታው ከወላጆች በዘር የሚወረስ ነው። አባትና እናት ራሳቸው ጤነኞች ሆነው ሳሉ ሁለቱም የበሽታውን ዘር ተሸክመው ቢገኙ፣ ከሚወልዷቸው ልጆች እያንዳንዱ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። በዚህ ሰው አካል ውስጥ ጨውና ውሃ በአግባቡ አይተላለፉም፤ ስለዚህ በሳንባው ያለው አክታ እንደ ሙጫ ይወፍራል፤ ጀርሞችም በዚያ እየሰፈሩ ሳንባውን ቀስ በቀስ ይጎዱታል። ምግብን የሚያልመው ፈሳሽም መንገዱ ስለሚዘጋበት፣ ልጁ እየበላ ይከሳል። ላቡ ከሌላው ሰው ላብ ይልቅ ጨዋማ ነው፤ ስለዚህም በጥንት ዘመን በአውሮፓ ሲሳም ጨው ጨው የሚል ሕፃን ዕድሜው አጭር ነው እየተባለ ይፈራ ነበር። በ1938 ዶሮቲ አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም በሽታውን ከሌሎች ለይታ ጻፈች። በዚያ ዘመን ከሕመምተኞቹ አብዛኞቹ ለትምህርት ሳይደርሱ ይሞቱ ነበር።

አየርላንድ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር ይህ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ የበዛባት አገር ናት። በዚያ ከ19 ሰው አንዱ ሳያውቀው የበሽታውን ዘር እንደሚሸከም ይገመታል። ይሁን እንጂ ሕመምተኞቹ በጠቅላላው ሁለት ሺህ አይሞሉም። በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ መካከል ይህ ጥቂት ነው፤ የክርክሩም ሥር ከዚህ ይነሣል።

እኛ «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» እንላለን። እውነት ነው፤ ሐዘንተኛ ከሐዘንተኛ ጋር ሲቀመጥ ይጽናናል፤ በሽተኛም ያንኑ ሕመም የታመመ ሰው ሲያገኝ ሳይናገር የሚረዳው ወንድም አገኘ ማለት ነው። የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ትልቁ መከራ ግን ይህን ምሳሌ መገልበጡ ነው። በአንደኛው ሕመምተኛ ሳንባ የሰፈረው ጀርም ለጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ አያሰጋም፤ በአጠገቡ ለተኛው የበሽታ ወንድሙ ግን ለሞት የሚያደርስ ሊሆን ይችላል። ሱዶሞናስ የሚባለው አንዱ ነው፤ በርክሆልደሪያ የሚባለውም ከዚያ የከፋ ነው። ሐኪሞች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ጀርሞቹ ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ እንደሚተላለፉ ባረጋገጡ ጊዜ፣ ልጆቹ በዕረፍት ወራት እየተሰበሰቡ የሚጫወቱባቸው ሰፈሮች ተዘጉ። እርስ በርሳቸው ይበልጥ የሚዋደዱት ሰዎች እርስ በርሳቸው ይበልጥ የሚያሰጉ ሆኑ።

እንግዲህ ለዚህ ሕመምተኛ የሚገባው ሆስፒታል ምን ዓይነት ነው? አንደኛ፣ የራሱ መታጠቢያና መጸዳጃ ያለው፣ አየሩ የሚለወጥ የብቻው ክፍል ያስፈልገዋል፤ ሳንባው በታመመ ቁጥር በደም ሥሩ መድኃኒት እየተሰጠው ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ይተኛልና። ሁለተኛ፣ አክታውን የሚያወጣለት የአካል እንቅስቃሴ እዚያው በክፍሉ ሊያደርግ ይገባል። ሦስተኛ፣ ለምርመራ ሲመጣ ከመሰሎቹ ጋር በአንድ አዳራሽ ተራ መጠበቅ የለበትም፤ በቀጥታ ወደ ክፍል ገብቶ ሐኪሙ፣ ነርሷና ስለ ምግቡ የሚመክረው ባለሙያ እየተፈራረቁ እርሱ ወዳለበት ይመጣሉ እንጂ እርሱ ከደጅ ወደ ደጅ አይዞርም።

ይህን የሰማ ሰው «ይህማ የባለጠጋ አኗኗር ነው፤ ሌላው በሽተኛ ስድስት ሆኖ በአንድ ክፍል ሲተኛ እርሱ ለምን ብቻውን?» ሊል ይችላል። እኔ በማስተማር በኖርሁበት ዘመን ዓይኑ የደከመውን ልጅ ከፊት ወንበር አስቀምጥ ነበር። አንዳንድ ወላጆችም «የኔስ ልጅ ስለ ምን ከኋላ ይቀመጣል?» እያሉ ያዝኑብኝ ነበር። እኔም «ለልጅዎ የሰጠሁት ሰሌዳውን ማየት ነው፤ ለዚያም ልጅ የሰጠሁት ያንኑ ነው፤ ወንበራቸው ይለያያል እንጂ ስጦታቸው አንድ ነው» እላቸው ነበር። ለሁሉ አንድ ዓይነት አልጋ መስጠት እኩልነት አይደለም። ለሁሉ የመዳንን ዕድል መስጠት ነው እኩልነት።

በአየርላንድ በ2005 የሕመምተኞቹ ማኅበር ያስደረገው ጥናት የአገሩ ሕክምና ከሚገባው በታች መሆኑን ገለጠ። በዚያው ዓመት ኦርላ ቲንስሊ የተባለች፣ ራሷ የበሽታው ተጠቂ የሆነች ወጣት፣ ከሌሎች በሽተኞች ጋር በአንድ ክፍል መተኛት ምን እንደሚመስል በአይሪሽ ታይምስ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ጀመረች። መንግሥቱም በደብሊን ከተማ በሴንት ቪንሰንት ሆስፒታል አዲስ ሕንፃ እንደሚሠራ ተስፋ ሰጠ። ከዚያም በ2008 የአገሩ ባንኮች ተናወጡ፤ ግምጃ ቤቱም ባዶ ሆነ። በ2009 ግንባታው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ተባለ። ወጣቲቱ እንደ ገና ተናገረች፤ ሕዝቡም ከእርስዋ ጋር ጮኸ፤ መንግሥቱም ውሳኔውን ለወጠ። ሕንፃው በ2012 ተከፈተ።

ለእኔ ትምህርት የሚሰጠኝ ግንባታው ይቆይ ያሉት ሰዎች ክፉዎች አለመሆናቸው ነው። በዚያን ጊዜ በአየርላንድ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አልጋ አጥተው በሆስፒታል መተላለፊያ በቃሬዛ ላይ ያድሩ ነበር። «እነዚህ ብዙዎች እያሉ ለምን ለእነዚያ ጥቂቶች?» ብሎ መጠየቅ ከጭካኔ የመጣ ጥያቄ አይደለምና መልስ ይገባዋል።

መልሴ ይህ ነው። አንድ እንግዳ ተርቦ ከደጄ ቢቆምና እንጀራ ስለሌለኝ ባልሰጠው፣ ድህነቴ ይቅርታ ያስገኝልኛል። ነገር ግን «ግባ» ብዬ ካስገባሁት በኋላ የተበላሸ ምግብ አቅርቤ ብመርዘው፣ «ሌላ አልነበረኝም» ማለቴ ከበደል አያድነኝም። የመጀመሪያው አለመርዳት ነው፤ ሁለተኛው መጉዳት ነው። ሆስፒታልም ሕመምተኛውን ለመዳን ጠርቶ፣ ሳንባውን ከሚያጠፋ ጀርም አጠገብ ካስተኛው፣ ከእንጀራው መርዙን ሰጠው ማለት ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ስለ ሆስፒታል አሠራር ስትጽፍ መነሻ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ቤቱ በውስጡ የሚተኛውን እንዳይጎዳ። ስለዚህ የእነዚህ ጥቂቶች ጥያቄ «ከሌላው አብልጣችሁ ስጡን» የሚል አይደለም፤ «እናድናችኋለን ብላችሁ አትጉዱን» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ አንድ ሰው ብቻ ቢጠይቀው እንኳ ክብደቱ አይቀንስም።

«በእርግጥ ገንዘብ ከሌለስ?» የሚለኝ ቢኖር፣ እውነቱ ይነገር እላለሁ። መድኃኒቱን በቤቱ የሚወስድበት መንገድ ለብዙ ሕመምተኞች አለ፤ ያለውንም ክፍል በጥንቃቄ ማዳረስ ይቻላል። የማይገባው፣ ጎጂውን አልጋ ሕክምና ብሎ ጠርቶ ኅሊናን ማስተኛት ነው።

ደግሞ «አዲስ መድኃኒት ተገኝቶ የለምን? ክፍሉ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። በ1989 የበሽታው ዘር ተለይቶ ታወቀ፤ በ2012 የበሽታውን ሥር የሚነካ የመጀመሪያው መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በ2019 ደግሞ ሦስት መድኃኒቶች የተጣመሩበት ክኒን መጣ፤ ብዙዎችንም ከአልጋ አስነሣ። ይህ ታላቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ክኒኑ ከ10 ሕመምተኞች ለ9ኙ ያህል ይሠራ ይሆናል እንጂ ለሁሉ አይሠራም። ከማይሠራላቸውም መካከል ትውልዳቸው ከአፍሪካና ከእስያ የሆነ ከቁጥራቸው አንጻር ይበዛሉ፤ በሽታው የአውሮፓውያን ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ልብ ይበል። ሳንባቸው አስቀድሞ የተጎዳም አሉ። ዕድሜያቸው የረዘመላቸውም ቢሆኑ ይወልዳሉ፣ ያረጃሉ፣ በእርጅና የሚመጣውንም ሕመም ይታመማሉ። በአየርላንድ ዛሬ ከሕመምተኞቹ የሚበዙት አዋቂዎች ናቸው፤ የሕፃናት ሆስፒታል አይበቃቸውም። ጥቂቶቹ እየቀነሱ በሄዱ ቁጥርም እነርሱን የመርሳት ፈተና ይበረታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኸውም ግድግዳ በራሱ ፍቅር አለመሆኑ ነው። ብቻውን በተዘጋ ክፍል ሁለት ሳምንት የሚቀመጥ ወጣት፣ በአጠገቡ ባለው ክፍል ባልንጀራው እየሳለ እየሰማ ሊጠይቀው አይችልም። ግንበኛ ይህን ሊጠግን አይችልም። ግድግዳው የሚከለክለው ግን ሕመምተኛን ከሕመምተኛ ነው፤ ጤነኛውን አይከለክልም። የመጠየቅ ዕዳ በእኛ በጤነኞቹ ላይ ወደቀ ማለት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን የታመመ መጠየቅን ከእናቶቻችን የተማርን ነን፤ በደብሊንም ሆነ በለንደን የሚኖር ወገናችን ይህን ልማድ ይዞ ቢሄድ ለዚያ አገር የሚጠቅም ስጦታ ይሆናል። ልማዱን ግን ከጥበብ ጋር ያድርገው፤ እንደ ለቅሶ ቤት ተሰብስቦ አይግባ፤ እጁን ይታጠብ፤ ጉንፋን የያዘው እንደ ሆነ በስልክ ይጠይቅ።

አንባቢ ሆይ፣ የመንግሥት ሥራ ክፍሉን መሥራት ነው፤ የጎረቤት ሥራ ክፍሉ እስር ቤት እንዳይሆን መጠበቅ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ ሊተካ አይችልም። ጠያቂው ቢበዛም ክፍሉ ከሌለ ሕመምተኛው በጀርም ይጎዳል፤ ክፍሉ ቢያምርም ጠያቂ ከሌለ በብቸኝነት ይጎዳል። በአገርህ ስለ አንድ ጥቂት ወገን ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ «ስንት ናቸው?» ብለህ ከመጠየቅህ አስቀድሞ «እኛ በእነርሱ ላይ ምን እያደረግን ነው?» ብለህ ጠይቅ። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሲታወቅ፣ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።