አድናቂ «ይብቃህ» የሚለው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1980 የ38 ዓመቱ መሐመድ አሊ ላስ ቬጋስ ውስጥ ከላሪ ሆልምስ ጋር ሊጋጠም ወደ ሪንግ ወጣ። ሆልምስ ቀድሞ የአሊ የልምምድ ተጋጣሚ ነበር፤ በዚያ ምሽት ግን ሻምፒዮኑ እሱ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጀምሮ አሊ ቡጢ ይቀበላል እንጂ የረባ ቡጢ አይሰነዝርም።

አድናቂው ለመደንገጥ ጊዜ ይወስድበታል። አሊ በ1974 ኪንሻሳ ላይ ገመዱን ተደግፎ የጆርጅ ፎርማንን ቡጢ እየተቀበለ ጉልበቱን አስጨርሶ በ8ኛው ዙር ዘርሮታል። ያንን የሚያስታውስ ሰው ድብደባውን እንደ ብልሃት ያየዋል፤ «ቆይ፣ አሁን ይነሣል» ይላል። ትዝታው ዓይኑን ይጋርደዋል። ከ10ኛው ዙር በኋላ አሠልጣኙ አንጄሎ ደንዲ ግጥሚያውን አስቆመ።

ታዲያ አድናቂ ለሚወደው ቦክሰኛ ምን ዕዳ አለበት?

«ምንም» የሚል መልስ አለ። አሊ ሕፃን አልነበረም። ቬትናም አልዘምትም በማለቱ በ1967 ማዕረጉን ተነጥቆ ከሦስት ዓመት በላይ ከሪንግ የራቀ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «አንተ አታውቅም፤ እኛ እናውቅልሃለን» ማለት የቀድሞ ከልካዮቹን መምሰል ነው። በዚያ ላይ ለሆልምስ ግጥሚያ 8 ሚሊዮን ዶላር ቃል ተገብቶለት ነበር። በሰው እንጀራ ላይ የሚፈርድ ተመልካች ማን ነው?

ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይዘላል። አድናቂው ከልካይ ባይሆንም ከፋይ ነው። ያ ገንዘብ ከሰማይ አልወረደም። የሚከፍለውም በፊቱ ለቆመው የ38 ዓመት ሰው ሳይሆን በ1964 ሶኒ ሊስተንን ላሸነፈው የ22 ዓመት ወጣት፣ በዚያውም ላለፈው የራሱ ወጣትነት ነው። ሯጭ ሲያረጅ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቦክሰኛ ሲያረጅ ይደበደባል። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ብቻ ልየው» የሚለው ጉጉት በቦክስ ሜዳ ንጹሕ አይደለም።

የወደደ ያስለቅሳል ይባላል። በ1975 ማኒላ ላይ አሠልጣኙ ኤዲ ፉች ልቀጥል ያለውን ጆ ፍሬዘርን ለ15ኛው ዙር አላስነሣውም። የአሊ ሐኪም ፈርዲ ፓቼኮም በ1977 ከኧርኒ ሼቨርስ ግጥሚያ በኋላ የኩላሊቱን ምርመራ ውጤት ልኮ የሚሰማው ሲያጣ ትቶት ሄደ። ሁለቱም የሚወዱትን ሰው ማስከፋት መርጠዋል።

አድናቂ ፎጣ መወርወር አይችልም። ትኬት አለመግዛት ግን ይችላል። ይህ የቦክሰኛውን ነፃነት አይነካም፤ መጋጠም የእሱ መብት ነው፣ መመልከት ግን የማንም ግዴታ አይደለም።

አሊ በ1981 ባሃማስ ላይ በትሬቨር ቤርቢክ በነጥብ ተሸንፎ ጓንቱን ሰቀለ። በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ታወቀ። ቡጢው ለሕመሙ ምን ያህል እንዳዋጣ ሐኪሞች ይከራከሩ። አድናቂው ግን የእነሱን ፍርድ መጠበቅ አያሻውም። ያን ምሽት እውነቱን በስንተኛው ዙር እንዳየ፣ ከዚያ በኋላም ስንት ዙር እንዳላየ ሆኖ እንደተቀመጠ ራሱ ያውቃል።