የሁለት ባይት ሙግት

የኢተርኔት ፍሬም ሲደርስ መጀመሪያ የሚነበበው 6 ባይት የተቀባይ አድራሻ፣ ቀጥሎ 6 ባይት የላኪ አድራሻ ነው። ከዚያ 2 ባይት ይከተላል። ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ዝርዝር የዚህ ሁለት ባይት ሥራ ውስጡ የታሸገው ምን እንደሆነ መናገር ብቻ ነበር። 2048 ከሆነ የአይፒ ፓኬት ነው፤ 2054 ከሆነ ኤአርፒ፣ ማለትም የአይፒ ቁጥር ይዞ የኔትወርክ ካርዱን አድራሻ የሚያፈላልገው መልእክት። ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን አይቶ ጭነቱን ለሚመለከተው ፕሮግራም ያስረክባል እንጂ ፈትቶ አይመረምርም።

በ1983 ደረጃ አውጪው ድርጅት አይትሪፕልኢ 802.3 የተባለውን ደረጃ ሲያወጣ እዚያው ቦታ ላይ የጭነቱን ርዝመት አስቀመጠ። ምክንያት አላጣም። ኢተርኔት ከ46 ባይት ያነሰ ጭነት ስለማይልክ አጭር መልእክት በመሙያ ይራዘማል፤ ርዝመቱ ካልተጻፈ የቱ መልእክት፣ የቱ መሙያ እንደሆነ ፍሬሙ አይናገርም። ዓይነቱ ደግሞ 802.2 በሚባል ተጨማሪ ራስጌ እንዲገለጽ ታሰበ። ወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን የቀድሞው ዓይነት ካርድ በየቢሮው ተሰክቶ እየሠራ ነበርና፣ በአንድ ገመድ የሚሄዱ ፍሬሞች 13ኛውና 14ኛው ባይት ላይ የተለያየ ነገር ይናገሩ ጀመር።

የገላገላቸው የቁጥር አጋጣሚ ነው። የኢተርኔት ጭነት ከ1500 ባይት አይበልጥም፤ ስለዚህ እስከ 1500 ያለው ርዝመት፣ ከ1536 ጀምሮ ያለው ዓይነት ሆኖ ይነበብ ተባለ። ቀድሞ 512ን ይዞ የነበረው የዜሮክስ ፐፕ ፕሮቶኮል ቦታውን ለቆ ወደ 2560 ተዛወረ። አይትሪፕልኢ ሁለቱንም ንባብ በደረጃው ውስጥ የተቀበለው በ1997 ነው፤ ሙግቱ ከተጀመረ 14 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ኖቬል ግን የባሰውን መንገድ ያዘ። የኔትወርክ ሶፍትዌሩ ኔትዌር ርዝመቱን ጽፎ 802.2ን ዘለለው። ፍሬሙ ስለ ጭነቱ አንድም ቃል የለውም። ታዲያ በምን ይታወቃል? የኔትዌር ፕሮቶኮል የነበረው አይፒኤክስ ራስጌው የሚጀምረው በስህተት መፈተሻ ነው፤ ኖቬል ስላልተጠቀመበት 16ቱም ቢት 1 ሆኖ ይላካል። ተቀባዩ ያንን ሲያይ «አይፒኤክስ መሆን አለበት» ይላል። ያ ቦታ ለመለያነት የታሰበ አልነበረም፤ በልማድ መለያ ሆነ። ኩባንያው በ1990ዎቹ ፊቱን ወደ 802.2 ሲያዞር ደግሞ፣ የፍሬም ምርጫቸው ያልገጠመ ሰርቨርና ኮምፒዩተር በአንድ ገመድ ተያይዘው የማይተያዩበት ጊዜ መጣ።

ይህ ሁሉ ታይቶም ግምት አልቀረም። ደረጃው በ2001 የወጣው፣ ኤምፒኤልኤስ የተባለው የፓኬት ማሻገሪያ ዘዴ በፓኬቱ ፊት 4 ባይት መለያ ይለጥፋል፤ እዚያ ውስጥ የጭነቱ ዓይነት የሚጻፍበት ቦታ የለም። በመለያው የተስማሙት የጫፍ ራውተሮች ያውቁታል፤ መሃል ያሉት አያውቁም። የመሃሎቹ ትራፊኩን በብዙ መስመር ለማከፋፈል ሲሉ ግን ወደ ውስጥ ይመለከታሉ፤ ከመለያው ቀጥሎ ያለው 4 ቢት 4 ከሆነ አይፒ ቨርዥን 4፣ 6 ከሆነ ቨርዥን 6 ነው ብለው ያልፋሉ።

ውስጡ ያለው የኢተርኔት ፍሬም ሲሆንስ? ያኔ የሚነበበው የተቀባዩ ካርድ አድራሻ የመጀመሪያ አኃዝ ነው። አድራሻው በ4 ወይም በ6 ከጀመረ፣ ራውተሩ የሌለ የአይፒ አድራሻ አነበብኩ ብሎ የአንድ ግንኙነት ፓኬቶችን በየመስመሩ ይበትናቸዋል፤ የኋለኛው ቀድሞ፣ የፊተኛው ዘግይቶ ይደርሳል። መፍትሔው ከ2006 ጀምሮ ተጽፏል፦ ከፍሬሙ በፊት፣ በ4 ዜሮ ቢት የሚጀምር 4 ባይት ማስገባት። ግን ግዴታ አልተደረገም፤ ባልበራበት ኔትወርክ አንዱ ደንበኛ መስመሩ እየተንቀራፈፈ ሲማረር ጎረቤቱ ምንም አይሰማውም። ልዩነታቸው የካርዱ አምራች የተሰጠው የአድራሻ መነሻ ብቻ ሊሆን ይችላል።