በወንዙ ዳር የቆመችው እኅት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ከራሳችን የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ የተገኘ ነው። እኛው ራሳችን ያጠፋነው ጥፋት ስላለበት፣ የጻፍነው ሌላውን ለመገሠጽ ሳይሆን ራሳችንን ወቅሰን በዚያው ለመማማር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2007 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ በምንኖርበት የአሜሪካ ከተማ ባልና ሚስት የሆኑ ፈረንጆች አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ በጉዲፈቻ ከኢትዮጵያ ይዘው መጡ። ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተመላልሰዋል፤ በመጀመሪያው ጉዞ ፍርድ ቤት ቀረቡ፣ በሁለተኛው ቪዛዋን ጨርሰው ከአሥራ አምስት ሰዓት በላይ በረው ቤታቸው ገቡ። ክፍሏ ተሰናድቶ፣ አልጋዋ ተነጥፎ፣ አሻንጉሊቱ ተደርድሮ ይጠብቃት ነበር። ልጅቱ ግን አልጋው ላይ መተኛትን እንቢ ብላ፣ ብርድ ልብሷን ጎትታ በሩ ሥር መሬት ላይ ታድር ጀመር። እነርሱ አማርኛ አያውቁ፣ እርሷ እንግሊዝኛ አታውቅ፤ ምን እንደሆነች የሚጠይቃት አልተገኘም።

አንድ ቀን አሳዳጊ እናቷ ገላዋን ስታጥባት በአንገቷ ላይ ያለውን ጥቁር ክር አየች። ያረጀ ገመድ መስሏት ልትቆርጠው መቀስ ብታነሣ፣ ልጅቱ ክሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ጮኸች። ሴትዮዋም ደንግጣ ተወችው። በማግሥቱ ኢትዮጵያዊት የሥራ ባልደረባዋን ስትጠይቃት፣ «ማተብ ነው፤ ክርስቲያን መሆኗ የሚታወቅበት ነውና አትንኪው» አለቻት። ባልና ሚስቱም በተከታዩ እሑድ ልጅቱን ይዘው ቤተ ክርስቲያናችን መጡ።

እንግዲህ የእኛ ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ተሰብስበን ሳለ ዓይናችንን በእነርሱ ላይ ተክለን በአማርኛ እንነጋገር ጀመር። ከመካከላችን አንዱ «ምስኪን! በስንት ብር ተሸጣ ይሆን?» አለ። ሌላዋም «ምን ዓይነት እናት ናት ልጇን ለባዕድ የምትሰጥ?» አለች። ፈረንጆቹ አይሰሙንም ብለን ነበር። በእርግጥም አልሰሙንም። ልጅቱ ግን እያንዳንዱን ቃል ሰማች። አንገቷን ደፍታ ማተቧን በጣቷ ትጠመዝዝ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋታችን ከመጀመሪያው ይከፋል። አሳዳጊ እናቷ ጠርታን፣ «እባካችሁ አነጋግሯት፤ ከመጣች ጀምሮ ምን እንደምትል አላወቅሁም» አለችን። ከእኛ አንዷ ተንበርክካ «የኔ ቆንጆ፣ ምን ልንገርልሽ?» ስትላት፣ ልጅቱ ጥቂት ዝም ብላ፣ «እማዬ የት እንዳለሁ ታውቃለች?» አለች።

ሴትዮዋ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችን። እርስ በርሳችን ተያየን። እውነቱን ብንነግራት ልቧ የሚሰበር መሰለንና «ደክሞኛል ነው የምትለው» አልናት። እርሷም አምና ልጅቱን ታቅፋ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ልጅቱ ደግሞ ጥያቄዋ የደረሰላት መስሏት መልሱን እየጠበቀች ሄደች።

ያን ሳምንት ሰላም አላገኘንም። ቅዳሜ ማታ ለንስሓ አባታችን ብንናዘዝ፣ «የሕፃን ቃል ሰርቃችኋል። የተሰረቀ ዕቃ ለባለቤቱ እንደሚመለስ ቃሏን ሂዱና መልሱ» አሉን። ሦስት ሆነን ሄድን። እያፈርን ነገሩን ሁሉ፣ በአዳራሹ ያልነውን ሐሜት ሳይቀር ነገርናት። ሴትዮዋ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም ተነሥታ ከመሳቢያ አንድ ፖስታ አመጣች። በውስጡ በፍርድ ቤቱ ቀን የተነሡት ፎቶግራፍ ነበር፤ ነጠላዋን ያጣፋች ከሲታ ሴት በባልና ሚስቱ መካከል ቆማለች። የልጅቱ እናት ናት። ባሏ ሞቶባት፣ እርሷም ታማ፣ ልጄን ማሳደግ አልችልም ብላ በዳኛ ፊት ቃሏን የሰጠች ናት። በአስተርጓሚ የለመነቻቸው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም «ፎቶዋን ላኩልኝ» የሚል ነው። እነርሱ ግን ልጅቱ አይታው ታለቅሳለች ብለው ፎቶውን ሸሸጉት፤ ደብዳቤውንም በምን ቋንቋ እንጻፍ እያሉ አዘገዩት።

ያን ዕለት ልጅቱን አስቀምጠን ፎቶውን ሰጠናትና፣ «እማዬ የት እንዳለሽ ታውቃለች። በዳኛው ፊት ሆና ለእነዚህ ሰዎች አደራ ሰጥታሻለች» አልናት። አለቀሰች፤ በጣም አለቀሰች። አልዋሸንም፤ ልቅሶዋ በአንድ ቀን አላበቃም። ነገር ግን በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በአሳዳጊ እናቷ ጉያ ገብታ አለቀሰች። ለእናቷም ደብዳቤውን በአማርኛ ጽፈን ከፎቶግራፍ ጋር ጉዲፈቻውን ባስፈጸመው ድርጅት በኩል ተላከ።

የተወደዳችሁ ሆይ! በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 2 የተጻፈውን ሁላችን በልጅነታችን ተምረናል። የሙሴ እናት ሕፃኗን ከሞት ለማትረፍ በሣጥን አድርጋ በወንዙ ዳር አስቀመጠችው። የፈርዖን ልጅ አግኝታ ራራችለት፤ ከዕብራውያን ልጆች አንዱ መሆኑንም አውቃ ተናገረች። በኋላም ልጅ ሆነላት፤ ሙሴ የሚለውን ስም ያወጣችለት እርሷ ናት። ስለ ሁለቱ እናቶች ብዙ ተሰብኳል። በመካከላቸው የነበረችውን ልጅ ግን ብዙ ጊዜ እናልፋታለን። ታላቅ እኅቱ የሚሆነውን ለማወቅ በሩቅ ቆማ ትመለከት ነበር። ጊዜው ሲደርስ ከቆመችበት ወጥታ የንጉሥን ልጅ ሳትፈራ አነጋገረች፤ ሮጣም እናቱን አመጣች። የወለደችውና ያሳደገችው የተገናኙት በአንዲት ወጣት አፍ ነው።

እኛም በዚያ እሑድ በወንዙ ዳር ቆመን ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ እናውቃለን፤ ሁለቱንም አገር እናውቃለን። ነገር ግን ከንፈር መምጠጥን መረጥን፤ በተጠየቅንም ጊዜ ዋሸን። የሙሴ እኅት እንደ እኛ «ደክሞታል» ብላ ብትሄድ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ከዚህም ሌላ ልጅቱን «ምስኪን» ስንል የራሳችንን ጥምቀት ረስተናል። እኛስ ወንዶቹ በ40፣ ሴቶቹ በ80 ቀን ስንጠመቅ ምን አገኘን? ልጅነት አገኘን እንላለን። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 8፥15 እና በገላትያ 4፥5 ይህንን ልጅነት ሲያስተምር የተጠቀመበት የግሪክ ቃል የሌላውን ልጅ የራስ ልጅ አድርጎ መቀበልን የሚያመለክት ነው። እንግዲህ በእግዚአብሔር ቤት ሁላችንም በጸጋ የገባን የማደጎ ልጆች ነን። በማደጎ የገባ በማደጎ በገባው ላይ ከንፈሩን ሊመጥ ይገባዋልን?

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። የጡት ልጅ የሚባለው ልማድ፣ ከኦሮሞ ወገኖቻችን ቋንቋ የወረስነው ጉዲፈቻ የሚለው ቃልም ምስክር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ ለአሳዳጊው እንደ ወለደው ልጅ እንዲቆጠር ሲደነግግ፣ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይናገራል። በአሜሪካ ሕግ ግን ጉዲፈቻ በአብዛኛው የወላጅን መብት ይቆርጣል። ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው የፈረሙ ወላጆች እንደነበሩም ተደጋግሞ ተዘግቧል። በባዕድ አገር በደል የደረሰባቸው ልጆችም ነበሩ። ስለሆነም የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. ልጆች በጉዲፈቻ ለውጭ አገር ዜጎች እንዳይሰጡ በሕግ ከለከለ።

«እንግዲያውስ ጉዳዩ አብቅቷል» የሚል ይኖር ይሆናል። አላበቃም። ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በዚህ መንገድ መጥተዋል። ዛሬ እኩዮቻችን ናቸው። በትምህርት ቤት አጠገባችን ይቀመጣሉ፤ አንዳንዶቹም አማርኛውን ረስተው፣ ይገፉን ይሆን እያሉ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ያመነታሉ። ልጅን ወደ ቤት ማምጣት በአውሮፕላን ማረፊያ አይፈጸምም፤ የመጣበት ቤት በአዲሱ ቤት ውስጥ በስሙ ሲጠራ ነው የሚፈጸመው።

ስለዚህ እንግዲህ፣ አንደኛ፣ በማይሰሙ መስሎን በሰው ፊት በቋንቋችን ማማትን እንተው። ሁለተኛ፣ የወለደችውን እናት አንኮንን፣ ያሳደገችውንም አንጠርጥር፤ የሁለቱንም ዕንባ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ሦስተኛ፣ ተርጉሙ ስንባል እውነቱን በርኅራኄ እንተርጉም። ቃሉ ቢከብድም የእኛ አይደለምና ልናስቀረው አይገባም።

ያቺ ልጅ ዛሬ አድጋለች። አማርኛዋ ጥቂት ቀርቷል። አንዳንድ እሑድ ትመጣለች፣ አንዳንድ እሑድ ትቀራለች። በመጣች ጊዜ ግን ከመካከላችን ገብታ ትቀመጣለች። ማተቧም ከአንገቷ አልወረደም።

ሕፃኑን ሙሴን በውኃ ላይ የጠበቀ አምላክ በባዕድ አገር ያሉትን ልጆች ሁሉ ይጠብቅልን፤ ለእኛም በወንዙ ዳር ቆማ ያልዋሸችውን የእኅቱን አንደበት ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።