ሳቁ የማን ነው?

ለሕጻናት የተሠራ አዲስ የጭራቅ ኮሜዲ በሚታይበት ሲኒማ ቤት ውስጥ ዓይንን ከስክሪኑ ነቅሎ ወንበሮቹን መቃኘት ብዙ ያሳያል። ጭራቁ በሩን በርግዶ ብቅ ሲል የአራት ዓመቱ ልጅ ወዲያው አይጮኽም፤ አይስቅምም። ዞር ብሎ የእናቱን ፊት ያያል። ስትስቅ ካገኛት ይስቃል፤ ፊቷ ከጨፈገገ ጉያዋ ውስጥ ይወሸቃል። እናትየውም ብትሆን በዚያች ቅጽበት ጭራቁን እያየች አይደለም፤ ልጄ ደነገጠ ወይስ አልደነገጠም ብላ እሱን ነው የምታየው። ሁለቱም ትኬት ቆርጠው ገብተው፣ ዋናዋ ሰከንድ ላይ ፊልሙን የሚያየው የለም።

ታዲያ ሲወጡ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ «እንዴት ነበር?» ቢላቸው ስለ ምኑ ነው የሚመልሱለት?

በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ደግሞ በእርግጥ አለ። አሜሪካ ውስጥ ሲኒማስኮር የሚባል ድርጅት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አዲስ ፊልም በሚከፈትበት ምሽት ለተመልካች ትንሽ ካርድ ያድላል። ተመልካቹም እንደ መምህር ከኤ እስከ ኤፍ ማርክ ይሰጣል። በሴፕቴምበር 2012 መጨረሻ ሆቴል ትራንሲልቫኒያ የተባለው የጭራቅ ኮሜዲ ሲወጣ ካርዶቹ ተሰብስበው ኤ ማይነስ አወጡ። ሐያስያኑ ግን ፊታቸውን አዞሩበት፤ ሮተን ቶሜቶስ በሚባለው የሒስ ድረ ገጽ ላይ ሒሳቸው ከተቆጠረላቸው መካከል ፊልሙን የደገፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። ገበያው ከካርዶቹ ጋር ወገነ። ፊልሙ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በአሜሪካና በካናዳ ብቻ ወደ 42.5 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ በሴፕቴምበር ወር እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል ገንዘብ ይዞ የከፈተ ፊልም አልነበረም።

እንዲህ ዓይነት ክፍተት ሲፈጠር ሁለት መልሶች ሁልጊዜ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። አንደኛው ሕዝቡ ጣዕም አያውቅም ይላል። ሁለተኛው ሐያሲ የሚባለው ፍጡር መሳቅ የረሳ ደረቅ ነው ይላል። ሁለቱም ስንፍና ናቸው ባይ ነኝ፤ ሁለቱ ወገኖች አንድ ነገር አይተው የተለያየ ፍርድ ሰጡ ብለው ይነሳሉና። እኔ ደግሞ ያዩት ነገር ራሱ አንድ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ፈላስፋው ካንት በ1790 ባሳተመው የፍርድ ኃይል ሒስ ላይ ስለ ውበት የሚፈርድ ሰው ከነገሩ ምንም የሚጠቀመው ሊኖር አይገባም ብሎ አጥብቋል። ዘመዱ የተከሰሰበት ዳኛ ከችሎት እንደሚነሳ ሁሉ፣ ጥቅም ያለው ሰው ፍርዱ የጣዕም ፍርድ አይባልም። በዚህ መለኪያ ያቺ እናት ከመጀመሪያውኑ የምትፈርድበት ቦታ የላትም። ልጇ አጠገቧ ተቀምጧል፤ እሱ ከሳቀ ቀኗ ተሳካ፣ ካለቀሰ የትኬቱም የፈንዲሻውም ገንዘብ ባከነ። ካርዱ ላይ ኤ ስትጽፍ ማርኩ የፊልሙ ይሁን የልጇ ሳቅ እሷም አትለየውም። ገና ፊደል ያልቆጠረው ልጅ ደግሞ ካርድ አይሞላም። የሕጻናት ፊልም የመጀመሪያ ምሽት ውጤት በብዛት ወላጆች ስለ ልጆቻቸው የሰጡት ምስክርነት ነው።

ሐያሲው ከዚህ ነጻ ነው፤ የሚያሳስቀው ልጅ አላመጣም። ችግሩ፣ ነጻነቱን ያገኘው ከፊልሙ ግማሹን በር ላይ ትቶ በመግባቱ ነው።

ግማሹን ያልኩት ለማጋነን አይደለም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኖኤል ካሮል በ1990 ስለ አስፈሪ ታሪኮች በጻፈው መጽሐፉ፣ ጭራቅን ጭራቅ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው ይላል፦ አደገኛነቱ፣ እንዲሁም የነገሮችን ወሰን ማፍረሱ። ሞቶ አልሞተም፤ ሰው ሆኖ አውሬ ነው። ቆየት ብሎ በጻፈው መጣጥፍ ደግሞ ቀልድም የሚኖረው እዚያው የወሰን መፍረስ ላይ ስለሆነ፣ አደጋው ሲነሳለት ያው ጭራቅ አስቂኝ ይሆናል ብሎ ይከራከራል። ማስረጃ ሩቅ ሳይኬድ ይገኛል። ቤላ ሉጎሲ በ1931 ድራኩላን ሆኖ ሲተውን ተመልካች ፈራው። በ1948 ከኮሜዲያኑ አቦትና ኮስቴሎ ጋር ያንኑ ድራኩላ ሆኖ ሲመለስ ተሳቀ። ሰውየው ያው ነው፣ ካባውም ያው።

ካሮል ያልገፋበት አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል፤ አደጋውን ማን ነው የሚያነሳው? ለአዋቂ ተመልካች ፊልሙ ራሱ ያነሳለታል። ፖስተሩ፣ ሙዚቃው፣ የተዋናዩ ስም ሁሉ «ይህ ለሳቅ ነው» ይሉታል። የአራት ዓመት ልጅ ኮሜዲ የሚባል ዓይነት መኖሩን እንኳ አያውቅም። እሱ የሚያነበው የሰው ፊት ነው። በ1985 የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት ይህን በሚያስገርም ጥራት አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የአንድ ዓመት ሕጻናትን ከመስታወት በታች ገደል በሚመስል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ገደሉ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ለመፍራትም ላለመፍራትም የሚያወላውል ነው። እናቶቹ ከወዲያ ማዶ ቆሙ። ደስ ያለው ፊት ካዩት 19 ሕጻናት 14ቱ ተሻገሩ። የፈራ ፊት ካዩት 17 ሕጻናት አንድም አልተሻገረም። መስታወቱ ግን የሁሉም አንድ ነበር።

ይህ በተረት ላደግን ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። አያ ጅቦ ሰው በላም ነው፣ ሞኝም ነው፤ በዚያች ምሽት የትኛው እንደሚሆን የምትወስነው አያት ናት። ድምጿን ስታጎረንን ልጁ ነጠላዋን ጨምድዶ ይይዛል፤ ድምጿን ቀይራ ጅቡን ስታነፋንፈው ያው ልጅ ይንፈቀፈቃል። ተረቱ ውስጥ የተቀየረ አንድም ቃል የለም።

ስለዚህ የጭራቅ ኮሜዲ ከስቱዲዮ ሲወጣ ገና አላለቀም ማለት እደፍራለሁ። የመጨረሻውን ክፍል የሚሠራው አዳራሹ ነው። ፈላስፋው አንሪ በርግሶን በ1900 ስለ ሳቅ በጻፈው መጽሐፉ አንድ ሰው ያነሳል፤ ስብከት ላይ ምእመኑ ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ብቻ ዓይኑ ደርቆ ቀረ፤ ለምን ቢሉት እኔ የዚህ አጥቢያ ሰው አይደለሁም አለ። በርግሶን ይህ ከለቅሶ ይልቅ ለሳቅ ይሠራል ባይ ነው። ለሐያሲውም ይሠራል፤ ወላጆች በሞሉት አዳራሽ ውስጥ እንኳ ቢቀመጥ የዚያ አጥቢያ ሰው አይደለም።

ይህን ጉዳይ ከፈላስፎቹ ይልቅ አብሰልስሎ ያቀረበው አንድ ፊልም ነው። ፒት ዶክተር የመራውና ፒክሳር በ2001 ያወጣው ሞንስተርስ ኢንክ የሚነግረን ስለ ተመልካች ስሜት ነው። የጭራቆቹ ከተማ መብራት የሚያገኘው ከሕጻናት ጩኸት ነው። ሠራተኞቹ በቁምሳጥን በር እየገቡ ልጅ ያስደነግጣሉ፤ ጩኸቱ በሲሊንደር ይሞላል፤ ማን ስንት እንደሞላ በግድግዳው ሰሌዳ ላይ ይታያል። ፊልሙ ሲጀምር የምናየው ተለማማጅ ጭራቅ አልጋ ላይ በተኛ ልጅ መሳይ ማሽን ላይ ሲለማመድ ነው። ልብ የሌለው ተመልካች፣ ለመለኪያ ብቻ የሚጮኽ! የመጀመሪያ ምሽት ካርዶችን ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ማሽን ነው።

የፊልሙ ትልቁ ትዕይንት ግን ሌላ ነው። ሱሊ፣ የፋብሪካው ቁንጮ አስፈራሪ፣ ቡ ከምትባለው ትንሽ ልጅ ጋር ተላምዷል። አለቃው እዚያው የልምምድ ክፍል ውስጥ አስገብቶ «እስቲ አሳያቸው» ይለዋል። ሱሊም ያገሳል። ቡ እዚያው ቆማ ታየዋለች፤ ዕንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ትሸሸዋለች። ሱሊ ግራ ተጋብቶ ቀና ሲል የክፍሉ ስክሪኖች የገዛ ፊቱን፣ ባገሳበት ቅጽበት እንደደረቀ፣ ያሳዩታል። ስንት ዓመት ሲቆጥረው የኖረውን ጩኸት ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ሰው ጩኸት ሆኖ ሰማው።

ፍጻሜው ላይ ግን ቅር የሚለኝ ነገር አለ። የልጅ ሳቅ ከጩኸት አሥር እጥፍ ኃይል እንዳለው ታወቀና ፋብሪካው ወደ ሳቅ ዞረ። አንድ ዓይናው ማይክ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማይክራፎን ይዞ ለአንድ ልጅ ቀልድ ያወራል፤ ልጁ ፍጥጥ ብሎ ያየዋል። ማይክ ማይክራፎኑን ውጦ ያገሳዋል፤ ልጁ በሳቅ ይፈነዳል፤ ሲሊንደሩ ይሞላል። ደስ ይላል፤ ሲሊንደሩ ግን አሁንም እዚያው ነው! ቀደም ሲል ቡ በሱሊ ቤት ውስጥ ስትስቅ የሠፈሩ መብራት ቦግ ብሎ ይቃጠል ነበር፤ ያንን ሳቅ ማንም አልሰፈረውም፣ ሊጠቀምበትም ያሰበ አልነበረም። ፊልሙ ሁለቱን ሳቆች አንድ አድርጎ አለፋቸው። ለእኔ ሁለት ናቸው፤ ካርዱ የሚይዘው ደግሞ የሲሊንደሩን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይመጣል። ፊልሙን የሚጨርሰው አዳራሹ ከሆነ ማንኛውም ገለባ ፊልም ያልፋላ? ደግ ወላጆች የሞሉበት አዳራሽ ምኑን የማያስቅ? አይደለም። አዳራሹ አደጋን ማንሳት ይችላል፤ የሌለ አደጋ ግን ሊያነሳ አይችልም። እናት ሳቋን ለልጇ የምትሰጠው ልጁ ሊፈራ የሚችለው ነገር ስክሪኑ ላይ ሲኖር ነው። ከሌለ የልጁ ፊት አይዞርም፤ ሁለቱም ዝም ብለው ይመለከታሉ።

ሆቴል ትራንሲልቫኒያን ሐያስያኑ የነቀፉት፣ በእኔ ግምት፣ ቢያንስ በከፊል እዚህ ላይ ትክክል ነው። ዳይሬክተሩ ጀንዲ ታርታኮቭስኪ ከቴሌቪዥን ካርቱን የመጣ ሰው ነው፤ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ላስቲክ ይስባቸዋል፣ ያጥፋቸዋል፤ ዓይን አይሰለችም። ጭራቆቹ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሰው ፈርተው የተደበቁ ምስኪኖች ናቸው። ወደ መጨረሻው ድራኩላ የሴት ልጁን ፍቅረኛ ለመመለስ በጠራራ ፀሐይ ሲወጣ፣ መንገድ ላይ ጭራቅ መስለው የለበሱ አድናቂዎች ካባቸውን ዘርግተው ጥላ ይሆኑለታል። ታሪኩ ስለ ተመልካች ነው፤ ጭራቁ የፈራው ሕዝብ ትኬት ቆራጭ ሆኖ ቆየው። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ግን ፍርሃቱ ቀድሞ ስላለቀ፣ ያ ጥላ ድራኩላን እንጂ ማንንም ከምንም አላዳነም።

የሆቴል ትራንሲልቫኒያ አራተኛ ክፍል በጃንዋሪ 2022፣ በወረርሽኙ ምክንያት፣ በብዙው ዓለም ሲኒማ ቤት ሳይገባ በአማዞን በኩል በየቤቱ ተለቀቀ። በመጀመሪያው ድራኩላን በድምፅ የተወነው አዳም ሳንድለር በዚህኛው አልነበረም፤ ታርታኮቭስኪም ዳይሬክተር አልነበረም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጋር አጠጋግቶ ማወዳደር ፍትሐዊ አይሆንም። ቢሆንም ቤት ውስጥ ያለው ተመልካች ሌላ ሰው መሆኑን መካድ አይቻልም። እናት ወጥ ቤት ናት። ሪሞቱ የልጁ ነው። ጭራቁ ሲመጣ ያቆመዋል፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያየዋል፤ አራት አምስት ጊዜ ከደጋገመው በኋላ ይስቃል።

ይህ ሳቅ የአጥቢያ ሳቅ አይደለም፤ የበርግሶን ንድፈ ሐሳብ እዚህ አይሠራም። ፈላስፋው ሆብስ ግን ከእሱ በፊት፣ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ ሳቅ የሚመጣው የራሳችን ብልጫ ድንገት ሲሰማን ነው፤ ብልጫውም በሌላ ሰው ድካም ላይ ወይም በራሳችን የቀድሞ ድካም ላይ ነው ብሏል። ይህን ሐሳብ ለሲኒማ ቤት ሳቅ ሁልጊዜ እንደ ክፋት አየው ነበር። ሪሞት ለያዘው ልጅ ግን ልኩ ይመስለኛል፤ የሚስቀው ከአምስት ደቂቃ በፊት በፈራው በራሱ ላይ ነው።