ጠያቂና ተጠያቂ

ሐምሌና ነሐሴ እኛ ጋ ጭቃና ጃንጥላ ነው፤ አሜሪካ ግን ፀሐይና መንገድ ነው። በዚህ ሰሞን አውራ ጎዳናዎቹ ላይ አውቶቡስ የሚያካክሉ መኪኖች ዝግ ብለው ሲሄዱ ይታያሉ። አርቪ ይባላሉ፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና ሽንት ቤት ያላቸው ባለ ጎማ ቤቶች ናቸው። መሪ ከያዙት ውስጥ ጡረተኛ ባልና ሚስት ጥቂት አይደሉም። ልጆች አድገው ወጥተዋል፣ ማልዶ የሚቀሰቅስ ሥራ የለም። ዕድሜው 62 የሞላ አሜሪካዊ 80 ዶላር ከፍሎ የአገሪቱን ብሔራዊ ፓርኮች ዕድሜ ልኩን የሚገባበት ካርድ ያወጣል። ስለዚህ ብዙዎቹ ተራራና ገደል ለማየት ይወጣሉ።

አንዳንዶቹ ግን ካርታቸው ላይ የሚያከብቡት ሰው ነው። ለምሳሌ እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት እናስብ። ሁለቱም ሰባን አልፈዋል። ከፔንሲልቬኒያ ተነስተው በ80 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ይነዳሉ። ኦሃዮ ላይ የድሮ ጎረቤት አላቸው፤ አይዋ ላይ ባልየው በጎረምሳነቱ አብሮት የሠራ ሰው፤ ነብራስካ ላይ ሚስትየው ኮሌጅ አብራት የተማረች ጓደኛዋ፤ ካሊፎርኒያ ላይ የሠርጋቸው ሚዜ። የጠራቸው ሠርግ የለም፣ የሚደርሱት ለቅሶም የለም። ዝም ብለው «እንዴት ናችሁ?» ለማለት ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ።

ይሄ ምንድን ነው? ሽርሽር ነው? ደግነት ነው? ወይስ ዕዳ መክፈል? ጥያቄውን ጠበቅ አድርገን እንጠይቀው፦ ሠላሳ ዓመት ላላየነው ጓደኛ የሚገባው ነገር አለ?

«የለም» የሚለው ሰው ቀላል ክርክር አይደለም የያዘው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል እኮ። ባልና ሚስቱ ነዳጅ እያቃጠሉ አገር ሲያቋርጡ፣ እዚያው ሰፈራቸው በሩን የሚያንኳኳለት ያጣ ሽማግሌ ሊኖር ይችላል። ደግሞ ጓደኝነት እንደ ሥጋ ዝምድና አይደለም። ወንድም ቢጠፋም ወንድም ነው፤ ጓደኝነት ግን በፈቃድ የተጀመረ ስለሆነ በፈቃድ ቢያልቅ ማንም ማንንም አልበደለም። አብረን ሠራን፣ ሳቅን፣ ተለያየን፣ አለቀ። ምን ዕዳ አለው?

አርስቶትል ይህን ነገር በደንብ አስቦበታል። «የኒኮማኮስ ሥነ ምግባር» ከተባለው ሥራው አሥር መጻሕፍት ሁለቱን ለወዳጅነት ሰጥቷል። እንደሱ አባባል ርቀት ወዳጅነትን ራሱን አያጠፋም፤ የሚያቆመው የወዳጅነትን ሥራ ነው። መለያየቱ ሲረዝም ግን ወዳጅነቱም ይረሳል። ቀጥሎ የሚያነሳው ጉዳይ ይበልጥ ከባድ ነው፦ ከልጅነት ጓደኛሞች አንዱ ተለውጦ ሌላው እንደነበረ ቢቀር፣ አብሮ መቀጠል እንደማይቻል ያምናል። ታዲያ ያ ሰው ከዛሬ ጀምሮ እንደ ማንኛውም ባዳ ይቆጠር? አይ፣ ይላል፤ ለነበረው ቅርበት ሲባል አንድ ነገር ልናደርግለት ይገባል። ምን እንደሆነ ግን በዝርዝር አይነግረንም።

እኔ ያ «አንድ ነገር» መጠየቅ ይመስለኛል።

ቃሉን እንየው። በአማርኛ መጠየቅ ሁለት ሥራ አለው፤ ጥያቄ ማቅረብና ሰውን ቤቱ ሄዶ ማየት። የታመመ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይጠየቃል፣ አራስ ትጠየቃለች፣ ዘመድ ይጠየቃል። ይህ እንዲሁ የፊደል መመሳሰል ብቻ አይመስለኝም። ሰው ቤት ስትሄድ መልሱን የማታውቀውን ጥያቄ ይዘህ ነው የምትሄደው። እንዴት ሆነህ ይሆን? ታስታውሰኛለህ? ያኔ የተቀያየምንበት ነገር አልፏል? ፎቶ ላይ ልብ መጫን ግን ጥያቄ የለውም፤ ስለዚህ መልስም አያመጣም። ለጓደኛችን የልደት ቀን በየዓመቱ ኬክ እየላክንለት፣ ኩላሊቱን ከታመመ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ላናውቅ እንችላለን።

የሚጠየቀው ደግሞ ማንም ሰው አይደለም። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ሁለት ሰዎች የቅርብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ አብረው ማሳለፍ እንደሚያስፈልጋቸው ገምቷል። ሁለት መቶውን ሰዓት ጡረታ ላይም ማግኘት ይቻላል፤ ጊዜ አለ። የማይገኘው ያኔ የነበረው ሰው ነው። አይዋ ያለው ሰውዬ ባልየውን ፀጉሩ ሳይመለጥ፣ ደሞዝ ሳይኖረው፣ የወደፊት ሚስቱን ሳያገኝ ያውቀዋል። ልጆቹም ሚስቱም የማያውቁትን አንድ ወጣት በአካል ያየ ምስክር እሱ ብቻ ነው። እሱ ሲሞት ያ ወጣት አብሮ ይቀበራል። ምስክርነቱ ደግሞ የሁለትዮሽ ነው፤ ባልየውም ለሱ እንዲያው ነው። ዕዳ የምለው እዚህ ጋ ነው። አንዳችን በሌላችን እጅ ያስቀመጥነው፣ ሌላ ማንም ሊመልስልን የማይችል አደራ አለ። የጎረቤቱ ሽማግሌም ይገባዋል፤ እሱ የሚገባውን ግን ሌላ ጎረቤት ሊያደርግለት ይችላል። የዚህኛውን አይችልም።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። ጓደኛን ለምስክርነት ብቻ የሚፈልግ ሰው ጓደኛውን ሊጠይቅ አይደለም የሚሄደው፤ የራሱን ወጣትነት ሊጎበኝ ነው። ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1960፣ በ58 ዓመቱ፣ ቤት በተሠራባት ፒክአፕ ቻርሊ የሚባል ውሻውን ይዞ አሜሪካን ዞሯል። መኪናዋን በዶን ኪኾቴ ፈረስ ስም ሮሲናንቴ ብሎ ጠርቷታል፤ ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍም በ1962 ወጣ። እንደ ጻፈው፣ ባደገበት አካባቢ ሞንተሬይ ደርሶ ከድሮ ወዳጆቹ ጋር መጠጥ ቤት ውስጥ ተገናኘ። ተቃቀፉ፣ ጠጡ። እሱ ግን ወደ ድሮው መመለስ እንደማይቻል ተረድቶ ወጣ። የሚያውቀው ቦታም፣ የሚያውቁት እሱም አልነበሩም።

ይህ ብዙ ሰው የሚፈራው ነገር ነው፤ «ባልሄድ ይሻለኝ ነበር፣ በልቤ እንደነበረ ይቀመጥልኝ» የሚያሰኘው። ግን ልብ ውስጥ የተቀመጠው ሰው አይታመምም፣ አይቸገርም፣ ሐሳቡን አይቀይርም። ምቾቱ እዚህ ላይ ነው፤ ምንም አይጠይቀንም። ነብራስካ ያለችው ሴት ባሏ ሞቶ፣ ሃይማኖቷን ቀይራ፣ ጆሮዋ ከብዶ ሊሆን ይችላል። ጓደኛዋ ስትደርስ የድሮውን ቀልድ ሳይሆን የሐኪም ቤት ታሪክ ልትሰማ ትችላለች። ያን ቁጭ ብላ ከሰማች ጠይቃታለች። አይኗ የድሮዋን ልጅ እየፈለገ ከባከነ፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥታም አልጠየቀቻትም።

አርቪው ራሱ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። አልጋውን ይዞ የመጣ እንግዳ እንግዳ ነው? ባልና ሚስቱ «አናስቸግርም፣ ግቢያችሁ ውስጥ መኪናው ላይ እናድራለን» ይላሉ። ጨዋነት ነው። አስተናጋጇም አርጅታለች፤ አንሶላ መቀየር፣ ደረጃ መውጣት ያደክማታል። እኛ ቤት ቢሆን ግን እንግዳ አልጋውን ይዞ ሲመጣ «ምነው፣ ቤቴ ጠበበህ?» መባሉ አይቀርም። ቅሬታው ከባህል ያለፈ እውነት አለው። ምንም የማይፈልግ ሰው ምንም እንዲደረግለት አይፈቅድም፤ ሁልጊዜ ሰጪ መሆን ደግሞ የበላይነት ነው። ስለዚህ መኪናው ላይ ይደር፤ ቁርሱን ግን እሷ ጠረጴዛ ላይ ይብላ። መንገድ ላይ የተበጠሰችውን ቁልፍ እሷ ትትከልለት። ለመጠየቅ የመጣ ሰው ለማስቸገርም ትንሽ ደፋር መሆን አለበት።

አሁን ወደ እኛ። እኛ ለሞት የተዘጋጀን ሕዝብ ነን። ዕድር አለን፤ የቀረውን ይቀጣል። ለቅሶ ላይ ያልታየ ሰው ለዓመታት ይወራበታል። ለተራው ማክሰኞ ግን የሚቀጣ የለም። ሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በየዓመቱ ሐምሌ መግቢያ ገደማ ከተማ እየቀያየሩ የእግር ኳስ ውድድር ያደርጋሉ፤ ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረ ነው። ስንቱ እዚያ የሚሄደው ኳስ ሊያይ ሳይሆን የድሮ የክፍል ጓደኛውን ሊያገኝ ነው። ሰው ሰበብ ይፈልጋል። ያለ ሰበብ በር ማንኳኳት ያሳፍራል።

ስንገናኝ የምንለውም ይገርማል፦ «ምነው ጠፋህ?» እሱም «አንተ ነህ እንጂ የጠፋኸው!» ይላል። ሁለቱም የነበሩበት ናቸው። የጠፋው በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው፤ ያን መንገድ ደግሞ መጀመሪያ የሚነሳው ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው።

ይህን የምታነቡ ወጣቶች ጡረታም አርቪም የላችሁም። «ሥራው ይርጋ፣ ቤቱ ይለቅ፣ ከዚያ እንጠያየቃለን» ማለት ቀላል ነው። ባልና ሚስቱ እድለኞች ናቸው፤ ገንዘቡ፣ ጤናው፣ መንጃ ፈቃዱ ሰባ ዓመት ድረስ ጠብቋቸዋል። ካርታቸው ላይ ያልተከበቡ ስሞችም ግን መኖራቸው አይቀርም፤ ሰዎቹ አልጠበቁም። መሄድ የማይችል አለ፤ ቪዛ የከለከለው፣ ኪሱ የከለከለው። እሱም መደወል ይችላል፤ ስልኩን ካነሳ በኋላ ግን የእውነት ይጠይቅ፣ መልሱንም እስከ መጨረሻው ይስማ።

አማርኛችን ለዚህ ሌላም ቃል አለው። ጠያቂ የሚጎበኝ ነው፤ ተጠያቂ ደግሞ የሚጎበኘው ብቻ አይደለም፣ ኃላፊነት ያለበትም ነው። ሰው ቤት ገብቶ «እንዴት ነህ?» ብሎ መልሱን የሰማ ሰው ከዚያ ወዲያ አላውቅም ማለት አይችልም። ነብራስካ ላይ ጆሮዋ የከበዳትን ጓደኛ ያዩ ባልና ሚስት መኪናቸውን አስነስተው ሲሄዱ፣ ከመምጣታቸው በፊት ያልነበረባቸውን ነገር ይዘው ነው የሚሄዱት። የሚቀጥለው ወር መደወል አለባቸው።