ቀለህ ስለሚሞላ ሰው ኀላፊነት

ሰው ገዝቶ በሚጠቀምበት ነገርና በገዛ እጁ መርጦ በሚሠራው ነገር መካከል ያለው ልዩነት ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን ስለ ኅሊና ነገር የሚያስብ ሰው ይህን ልዩነት አይቶ እንዳላየ ሊያልፈው አይገባም። ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ጥያቄ ከጋይንት የመጣ ጐልማሳ አቀረበልኝ፤ እኔም ወዲያው መልስ ስላላገኘሁለት ነገሩ ብዙ ቀን ከሐሳቤ ሳይወጣ ሰነበተ።

ጐልማሳው ከአባቱ የወረሰው ሽጉጥ አለው፤ አባቱም ከአያቱ የወረሱት ነው። ሽጉጡ በአፎቱ እንዳለ በግድግዳ ተሰቅሎ ኖሯል፤ ለርሱ የሚስማማ ጥይት ግን ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በቤቱ አንድ ከረጢት ባዶ ቀለህ ተቀምጧል። «ቀለህ እየሞሉ የሚተኵሱ ሰዎች አሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ባሩዱንም እርሳሱንም የሚሸጥልኝ አላጣሁም። እናቴ ግን የአባትህን ስም በገዛ እጅህ እንዳታበላሽ ብላ ከለከለችኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

አስቀድሜ ሕጉን አልደበቅሁትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መያዝንም፣ መሥራትንም፣ መነገድንም ይከለክላል። ነገር ግን ሕግ ይከለክላል ማለት ብቻውን ለኅሊና ጥያቄ ሙሉ መልስ አይሆንም፤ የሕጉን ምክንያት ያላወቀ ሰው ሕጉን የሚጠብቀው ዳኛ ሲያየው ብቻ ነውና። ስለዚህ ምክንያቱን እንመርምር።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መሣሪያ እንደ ተራ ዕቃ አይታይም። የአባት ወግ ነው፤ በሰርግ የደስታ ድምፅ፣ በለቅሶም የሟች ክብር መግለጫ ሆኖ ኖሯል። ጥይትም በአገራችን ከጥይትነት ያለፈ ዋጋ ነበረው፤ ከጥቂት ትውልድ በፊት በብዙ ገበያ ከብርና ከአሞሌ ጋራ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን አንድ ሰው የተተኰሰ ቀለህ ሞልቶ እንደ አዲስ ጥይት አድርጎ ቢሰጥ፣ ሐሰተኛ ብር ከሚመታ ሰው በምን ይለያል? የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐሰተኛው ብር በገበያ ይታወቃል፣ ሐሰተኛው ጥይት ግን የሚታወቀው በጭንቅ ቀን ነው።

ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን አርበኞች ጥይት ሲያልቅባቸው ከጠላት ይማርኩ ነበር፤ የተተኰሰውንም ቀለህ እንደገና የሚሞላ አልጠፋም። ይህን የሚነቅፍ ማንም የለም፤ እኔም አልነቅፍም። በዚያን ጊዜ ምርጫው በክፉ ጥይትና በመልካም ጥይት መካከል ሳይሆን፣ በክፉ ጥይትና በባዶ እጅ መካከል ነበር። የሞላውም ሰው ራሱ ጕንጩን ከሰደፉ አስጠግቶ ይተኵሰው ነበርና አደጋው በርሱ ላይ ነበር። ለጠያቂዬ ግን ጠላት ከደጅ አልቆመበትም።

አሁን ወደ ሥራው ራሱ እንምጣ። አንድ ጥይት የአራት ነገሮች አንድነት ነው፤ ይኸውም ቀለሁ፣ በቀለሁ ቂጥ የምትቀመጠው መለኮሻ፣ ባሩዱና አረሩ ናቸው። ቀለሁ ናስ ነው፤ በተተኰሰ ቍጥር ይለጠጣል፣ ይደክማል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። በቀድሞ ዘመን መለኮሻዎች የነበረው ባዜቃ ደግሞ ናሱን ከውስጥ እንዲሰባበር ያደርገው ነበር፤ ከውጭ ለሚያየው ሰው ግን ቀለሁ ደኅና ይመስላል።

ከሁሉ የሚከፋው የባሩዱ ነገር ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1874 ለወጣው፣ እኛ ውጅግራ ለምንለው ጠመንጃ የተሠራው ጥይት ጥቁር ባሩድ ይጐርስ ነበር። በ1884 ፖል ቪዬይ የሚባል ፈረንሳዊ ጢስ አልባውን ባሩድ አወጣ፤ በ1886 ለበን የምንለው ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ ተሠራ። ሁለቱን ባሩዶች በመዳፍ ይዞ የሚያይ ሰው እህል ከእህል እንደሚመሳሰል ይመሳሰሉበት ይሆናል፤ ጕልበታቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው። ለጥቁሩ በተሰፈረበት መስፈሪያ ጢስ አልባውን የሰፈረ ሰው የሠራው ጥይት አይደለም፤ በገዛ እጁ ውስጥ የሚፈነዳ ነገር ነው።

የሽጉጥ ጥይት ደግሞ የራሱ ተንኰል አለው። ብዙ ጊዜ የሚበቃው ባሩድ ጥቂት ስለ ሆነ ቀለሁን እስከ ግማሹ ስንኳ አይሞላውም፤ ስለዚህ ሐሳቡ ለአፍታ የተከፈለበት ሰው በአንዱ ቀለህ ሁለት ጊዜ ቢጨምር ላያስተውለው ይችላል። ሌላውንም ባሩድ ሳይጨምርበት ቢዘጋው፣ መለኮሻዋ ብቻዋን አረሩን ገፍታ ከአፈሙዙ ውስጥ ታስቀረዋለች፤ ተኳሹም ከሸፈ ብሎ ሁለተኛውን ሲተኵስ ሽጉጡ በእጁ ይፈነዳል። እርሳስ በቤት ውስጥ ማቅለጥም እንዲሁ ነው፤ ትነቱና ብናኙ በልብስና በምድጃ ይቀራል፣ የሕፃናትንም አእምሮ ይጐዳል። ሕፃኑ ግን በምርጫው አልተጠየቀም።

አንባቢ ሆይ፣ የጥያቄው ሥር እዚህ ላይ ነው። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ለእንግዳ ከመቅዳቷ በፊት ራሷ ትቀምሰዋለች። አናጢ በሠራው በርጩማ አስቀድሞ ይቀመጥበታል። ጥይት ግን እንዲህ አይደለም፤ የተፈተነው ጥይት ተተኵሶ አልቋል፣ ያለው ጥይት ደግሞ አልተፈተነም። ከአንዱ ጥሩነት የሌላውን መገመት ይቻላል፤ ለግምቱ ግን ሁሉም በአንድ ልክና በአንድ ጥንቃቄ መሠራታቸው ያስፈልጋል። ስለዚህ በቤት ከተሞላው ጥይት ውስጥ ከአራቱ ነገሮች ሌላ አምስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም የሞላው ሰው ታማኝነት ነው።

በአሜሪካ አገር ጥይት በቤት መሙላት በሕግ የተፈቀደና ብዙ ሰው የሚሠራው ነገር ነው። በዚያ ግን ባሩድ የሚሠሩት ድርጅቶች ለየጥይቱ ዐይነት የሚገባውን ልክ በሠንጠረዥ አትመው ያወጣሉ፤ ሰውየውም በሚዛን ይመዝናል፤ ለሽያጭ የሚሠራ ከሆነ ከመንግሥት ፈቃድ ይወስዳል። ይህ ሁሉ እያለ እንኳ በሞያው የቆዩ ሰዎች «ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት አትተኵስ» እየተባባሉ ይመካከራሉ። ይህ ምክር ብዙ ያስተምራል። ሚዛንና ሠንጠረዥ ያለው ሰው የጓደኛውን ሥራ ለማመን ከፈራ፣ ስሙ ባልታወቀ ባሩድ በግምት የሚሞላ ሰው ሥራውን ለወንድሙ እንዴት ይሰጣል?

የሠሪ ኀላፊነት ጥያቄ በዚህ አገር አዲስ አይደለም። ከጉና ተራራ ወዲያ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን የእጅ ሞያ ያላቸውን ፈረንጆች በዚያ አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ሰዎቹ አናውቅም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም፤ ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀረ፣ ደግመው ሞከሩ፣ በመጨረሻም ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አወጡ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፋቸውን በሰው ጕልበት እያስጐተቱ፣ ገደሉን መንገድ እያስጠረጉ፣ በጋይንት አልፈው የጨጨሆን አቀበት ወጥተው ወደ መቅደላ ሄዱ። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ በአሮጌ ከእንግሊዞች ጋራ ጦርነት ሲሆን፣ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ከልኩ በላይ ጐርሶ ኖሮ በመጀመሪያው ተኵስ ፈነዳ።

ከመድፍ ሠሪዎቹ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነበር። ይህ ሰው በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1896 በቤይሩት አጠገብ በዐስፉሪያ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። በልቡ የነበረውን እኔ አልፈርድበትም። ነገር ግን ያው አንድ እጅ መድፍንም የሕሙማን ማረፊያንም መሥራት እንደሚችል ከታሪኩ እንማራለን። ስለዚህ እጅን የሚያስመሰግነው ወይም የሚያስወቅሰው ሞያው ሳይሆን ምርጫው ነው። የጋፋት ሰዎች ታዘን ነው ለማለት ይችሉ ነበር፤ በቤቱ ደጁን ዘግቶ ቀለህ የሚሞላ ሰው ግን ያዘዘው ማንም የለም።

«ጥይት የሠራ ሁሉ በጥይቱ ለሚሆነው ነገር ሁሉ ይጠየቃልን?» የሚል ሰው ቢኖር፣ ሁሉንም አይጠየቅም እላለሁ። ሽጉጡን ወስዶ ደም ለመመለስ የተኰሰ ሰው በደሉ በመጀመሪያ የራሱ ነው። ሠሪው የሚጠየቀው ስላወቀው ነገርና ለማወቅ ሲገባው ትቶት ስላለፈው ነገር ነው። ከሱቅ ገዝቶ የተጐዳ ሰው «አላወቅሁም» ቢል እውነቱን ነው፤ ቀለሁን የመረጠው፣ ባሩዱን የሰፈረው እርሱ አይደለምና። የመረጠ ሰው ግን ይህን ቃል ለመናገር መብት የለውም። መምረጥ ማለት አውቃለሁ ማለት ነው፤ ሳያውቅ የመረጠም አለማወቁን መርጧል።

ቍጠባም ቢሆን መልካም ጠባይ ነው፤ ነገር ግን ልክ አለው። ሰው አሮጌ ጫማውን አስጠግኖ ቢጫማ፣ ቢቀደድበት የሚጐዳው የራሱ እግር ነው። ቀለህ የሚሞላ ሰው ግን ጥቂት ብር ሲያተርፍ፣ ቢሳሳት ዕዳውን የሚከፍሉት በሰርጉ ቤት አጠገቡ የቆሙ ዘመዶቹ ናቸው። ትርፉ የአንዱ፣ ኪሣራው የሌላው ከሆነ ያ ቍጠባ መባሉ ቀርቶ የሰው ገንዘብ መበደር ነው፤ ያውም ባለገንዘቡን ሳያስፈቅዱ።

ለጐልማሳው ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርሁትና ሦስት ጥያቄ ጠየቅሁት፦ ይህ ባሩድ ምን እንደ ሆነ በርግጥ ታውቃለህን? የምትሞላውን ጥይት ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይተኵሰው እስከ ዕድሜህ ፍጻሜ ልትጠብቀው ትችላለህን? ጥይቱ ቢፈነዳና የሰው ልጅ ቢጐዳ በሽማግሌ ፊት ቆመህ እኔ ነኝ የሞላሁት ትላለህን? ለመጀመሪያው አላውቅም አለኝ፤ ለሁለተኛው ዝም አለ፤ ለሦስተኛው ግን እላለሁ አለ። እኔም «ሦስተኛውን ለመናገር ድፍረት ያለህ ከሆነ፣ እንዳትናገረው የሚያደርግህን መንገድ ለመምረጥም ድፍረት አታጣም» አልሁት።

ቈይቶ ቀለሁን ለናስ ገዢ እንደ ሸጠው፣ ሽጉጡንም ምን ሊያደርገው እንደሚገባ ከሕግ ዘንድ ሊጠይቅ እንዳሰበ ሰማሁ። እናቱ ደስ ብሏቸዋል አሉ። የአባቱ ስም የነበረው በባሩድ ውስጥ እንዳልሆነ እርሳቸው ከሁላችንም ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል።