ነጥብ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሚሆንበት ሰሞን በየቤቱ ከልጁ ስም ይልቅ የልጁ ነጥብ ይጠራል። ጎረቤት የሚጠይቀው ስለ ነጥቡ ነው፤ ዘመድም የሚደሰተው ወይም የሚያዝነው በነጥቡ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ድካም በአንድ ቁጥር ተጠቃልሎ የወጣቱ መንገድ ይለያል። እንግዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን የፈተና ነጥብ ብቻውን ሊወስነው ይገባልን?

በቅድሚያ ለነጥብ የሚገባውን ዋጋ መስጠት ተገቢ ነው። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ስለ አድልዎ በጻፈው ክፍል፣ አንድ ሰው በቂ ዕውቀት ስላለው የመምህርነት ማዕረግ ቢሰጠው ተገቢው ምክንያት ታይቷል፤ ባለጠጋ ወይም ዘመድ ስለሆነ ቢሰጠው ግን ይህ ለፊት ማድላት ነው ሲል ያስተምራል። የፈተና ወረቀት የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም። ዘመድ የሌለው የገበሬ ልጅ ከባለሥልጣን ልጅ ጋር እኩል የሚቆምበት መድረክ ቢኖር ይኸው ነው። ስለዚህም የ2008 ዓ.ም. ፈተና አስቀድሞ ሾልኮ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው በጥብቅ ቁጥጥር እንዲፈተኑ መደረጉ፣ ምንም እንኳ ችግር ያስከተለ ቢሆን፣ የፍትሕን ዓላማ የያዘ ነበር። የተሰረቀ ነጥብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው በኩራዝ ብርሃን ያጠናውን የድኻ ልጅ ነውና።

ይሁን እንጂ ቁጥጥሩ በጠበቀ ጊዜ የታየው ነገር ሌላ ጥያቄ አስነሣ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተፈታኞች ዘንድ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በእያንዳንዳቸው ከ1 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ተማሪ ቢወድቅ ስንፍናው ነው ሊባል ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲወድቅ ግን ጥፋቱን በልጆቹ ላይ መጫን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ከማለት አይለይም።

ነጥብ ሁለት ነገሮችን ሳይለይ አደባልቆ ያሳያል፤ እነርሱም ተማሪው የደከመውና ለተማሪው የተሰጠው ናቸው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትና ፈተናው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ቋንቋውን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የሰማ የከተማ ልጅና መምህሩ ራሱ የሚቸገርበት የገጠር ልጅ ግን በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ። በትግራይ ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙና በጦርነቱ ምክንያት ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ተዘግተው ቆይተዋል። በዚህ ሁኔታ ካለፈ ወጣት የተገኘ 48 ነጥብ፣ መጽሐፍና ቤተ ሙከራ ካልጐደለበት ልጅ 52 ነጥብ ያንሳልን? በቁጥር ያንሳል፤ በችሎታና በትጋት ግን ያንሳል ብሎ የሚምል ማን ነው? ይህን ሳያገናዝቡ በነጥብ ብቻ መፍረድ በፊት ለፊት በር ያስወጣነውን አድልዎ በጓሮ በር ማስገባት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ። ዩኒቨርሲቲ ምጽዋት የሚሰጥበት ቤት አይደለም፤ ያልተዘጋጀን ተማሪ ማስገባትም ምሕረት ሳይሆን ለሁለተኛ ውድቀት መዳረግ ነው፤ በሽተኛም ዕውቀት በጐደለው ሐኪም እጅ መውደቅ የለበትም የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። «ይህ ተማሪ ለመማር ተዘጋጅቷልን?» ለሚለው የተወሰነ ዝቅተኛ ነጥብ ማስፈለጉ አያከራክርም። «ገና ካልተዘጋጀ ሊዘጋጅ ይችላልን?» ለሚለው ግን ነጥቡ ብቻውን መልስ የለውም።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ወይም «ሬሜዲያል» ትምህርት ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሞከረ ነበር፤ ከ50 በመቶ በታች ካመጡት የተመረጡትን ለወራት አስተምሮ እንደገና ፈትኗልና። እንደዚሁም ለሴቶችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች ዝቅ ያለ የመቁረጫ ነጥብ ሲወሰን መኖሩ፣ በልክ እስከ ሆነና ድጋፍ እስከ ተከተለው ድረስ፣ አድልዎ አይባልም። የተሸከሙትን ሸክም ማየት ፊትን ማየት አይደለምና። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጣሪያ ሲያፈስ ከሥሩ ባልዲ እንደማኖር ነው። ዋናው ጥገና የሚጀምረው ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከመምህሩ ዝግጅትና ኑሮ፣ ተማሪው እጅ ከሚገባው መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ ነጥብ በጉዳዩ ላይ የታመነ ምስክር ሆኖ ይቁም፤ ፍርዱን ግን ብቻውን አይስጥ። የሚፈርዱት ሰዎች የተማሪውን ነጥብ ከተማረበት ትምህርት ቤትና ካለፈበት ሁኔታ ጋር አነጻጽረው ይመልከቱ። ወላጆችም ነጥብ የመግቢያ በርን እንጂ የልጃቸውን ክብር እንደማይወስን ይወቁ፤ በሙያ ትምህርት ቤት ወይም በእርሻ ሥራ የተሰማራው ልጅ ከወንድሙ ያነሰ ሰው አይደለምና። ሁላችንም ደግሞ በሚመጣው ዓመት ውጤቱ ሲነገር፣ ልጁ ስንት አመጣ ብለን ከመጠየቃችን አስቀድሞ እኛ ምን ሰጠነው ብለን እንጠይቅ።